የጥያቄ ምልክቷ

እንደ ፈረንጆቹ በ2016 ነው። ቤታችን ላስ ቬጋስ፣ ዊንቸስተር፣ ከሜሪላንድ ፓርክዌይ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። ሌሊት ካዚኖ እሠራለሁ፤ ጠዋት ጥቂት አሸልብና በ109 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ እወርዳለሁ። የሊድ ላይብረሪ ጸጥታ ያን የቁማር ማሽን ጩኸት ከጆሮዬ ያጥብልኝ ነበር።

የታሪክ መምህራችን በምሁራን ተገምግመው ጆርናል ላይ የወጡ አምስት ጽሑፎች አምጡ አለን። እኔ የአባቴን አገር ጎንደርን፣ እሱንም ገበያዋን መረጥኩ። ጄስቶር የሚባለውን ዳታቤዝ ከፍቼ የከተማዋን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ብጽፍ መዓት መጣ፤ የፈረንጅ መንገደኛ፣ ግንብ፣ ጦርነት። የኔ ሐሳብ ግን አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ የሚመነዘርበት ገበያ ላይ ነበር።

አንዲት የላይብረሪ ሠራተኛ ስታስተውለኝ ቆይታ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «የአገርሽ ሰዎች ስሟን እንዴት ነው የሚጽፉት?» አለችኝ። አሰብኩና ከመጨረሻዋ ፊደል በፊት ያለችውን አንዳንዱ በእንግሊዝኛው «ኤ»፣ አንዳንዱ በ«ኢ» እንደሚጽፋት ነገርኳት። እሷም ያቺን አንዲት ፊደል አጥፍታ በቦታዋ የጥያቄ ምልክት አስገባች። ምልክቷ የትኛውንም ፊደል ትተካለች፤ ሁለቱም አጻጻፍ በአንድ ፍለጋ ይመጣል። ቀጥላ ገበያን፣ ንግድንና ነጋዴን በ«ወይም» አያያዘቻቸው። ዛሬም ስም በፈለግኩ ቁጥር እጄ መጀመሪያ ወደዚያች ምልክት ነው የሚሄደው።

ከመጡት መሀል የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጆርናል ነበረበት። ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣ፤ ተቋሙም ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለ። እኔ የአፍንጮ በር ልጅ ነኝ። በዚያ ግቢ አጥር ስር ስንት ዓመት ተመላለስኩ! ውስጡ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ የነገረኝ አልነበረም።

ቁልቁል ስወርድ አንዱ ጽሑፍ በአማርኛ ሆኖ አገኘሁት። ገጹ እንደታተመ በስካነር የተነሣ ነው፤ ወረቀቱ ወይቧል፣ የ«ጨ» እግሮች ቀለም ሞልቷቸው ተጣብቀዋል። እንደ ልጅ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ሠራተኛዋ ማንበብ ባትችልም እስክጨርስ አብራኝ አየች።

አትሜ በቦርሳዬ ይዤው ሄድኩ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ሥራ ሳልገባ፣ ስልክ ደወልኩ፤ አዲስ አበባ ገና ጠዋት አንድ ሰዓት ነው።

«አባዬ፣ ይስሙኝ» ብዬ ነጋዴዎቹ የሚመጡበትን መንገድ የሚያወራውን ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት መስመር አልሄድኩም።

«ቆይ ልጄ፣ እናትሽን ልጥራትና ከመጀመሪያው ታነቢልናለሽ» አሉኝ።