የታሸገ ምግብና የአጎቴ ሱቅ

«መንግሥት የነጋዴውን ዕቃ ከሚያቃጥል ለምን ለድኃ አይሰጥም?» የሚል ጥያቄ በከተማችን ብዙ ጊዜ ይሰማል። ወደ እኛ ቤት የገባው ግን በ2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር የጤና ተቆጣጣሪዎች ከአጎቴ ሱቅ 11 ካርቶን የታሸገ ዓሣና ባቄላ አስፈርመው ወሰዱ፤ የብዙዎቹ ቆርቆሮዎች ክዳን አብጦ ነበርና። አጎቴ ዕቃውን የገዙት ዕቁብ በወጣላቸው ገንዘብ ነው። የእኔንም የደብተርና የልብስ ወጪ የሚችሉት እሳቸው ስለ ሆኑ፣ ነገሩ ለእኔ የሩቅ ወሬ አልነበረም።

ከከተማው ውጭ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ቆርቆሮዎቹ አንድ በአንድ በመጥረቢያ ተበሱ፤ ይኸውም ማንም ቆፍሮ አውጥቶ እንዳይሸጣቸው ነው። ከዚያም ጋዝ ተርከፍክፎ እሳት ተለቀቀባቸው። አንድ ሽማግሌ «ጦሙን የሚያድር ሰው ባለበት አገር!» አሉ። አነጋገራቸው ልብ የሚነካ ነው፤ ሆኖም ጓደኞቼ ሆይ፣ በባዮሎጂ ክፍል የተማርነውን አስታውሱ።

ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ረቂቅ ሕዋስ በአፈር ውስጥ ይኖራል። አየር ስለማይስማማው የታሸገ ቆርቆሮ ይመቸዋል። ስፖሩ በተራ ፍላት አይሞትም፤ ስለዚህ ፋብሪካዎች ባቄላንና ዓሣን የመሰለውን ምግብ በእንፋሎት ግፊት እስከ 121 ዲግሪ ያህል ያግላሉ። ሙቀቱ ከጐደለ ሕዋሱ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም ነርቭን አስልሎ ትንፋሽን ያቋርጣል። ከሁሉ የሚከፋው ሽታውም ጣዕሙም ሳይለወጥ ሊገድል መቻሉ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት፣ ባልና ሚስት በቀዝቃዛው የሚጠጣ የቆርቆሮ ሾርባ ጠጥተው ባል ሞተ፤ ሚስትም በጽኑ ታመመች። መርዙን በሚገባ ማፍላት ያጠፋው ነበር፤ ሾርባው ግን እሳት አላየም። በአንድነት ከተመረቱት 6,444 ቆርቆሮዎች መጀመሪያ 324ቱ ሲመረመሩ በ5ቱ መርዝ ተገኘ። መንግሥት የፋብሪካውን ምርት ሁሉ ከገበያ አስወጣ። እንግዲህ 319ኙን ለድኃ እንስጥ የሚል ሰው 5ቱን ሳይከፍት ይለይልን!

የማቃጠሉን ነገር እንዲህ ብዬ ተቀብዬዋለሁ። ያልተቀበልሁት ኪሳራውን አጎቴ ብቻቸውን መሸከማቸውን ነው። ጅምላ ነጋዴው ደረሰኝ ስላልሰጣቸው «የእኔ ዕቃ አይደለም» ብሎ አሰናበታቸው። የዕቁቡ ክፍያ ግን ሳምንት ቈጥሮ ይመጣል። አሁን አጎቴ ካርቶኑን በጅምላ ሱቁ ደጃፍ ላይ አስከፍተው የእያንዳንዱን ቆርቆሮ ክዳን በአውራ ጣታቸው ሳይጫኑ፣ ደረሰኝም ሳይዙ አይመለሱም። ወዛደሮቹ ይሥቁባቸዋል፤ እሳቸው ግን መጫናቸውን አይተዉም።