ተቆጥሯል እንጂ አይረግፍም አልተባለም

ጸጉር ለሴት ክብሯ እንደ ሆነ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን ጽፏል (1ኛ ቆሮ. 11፥15)። እኛ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ግን ይህን ለማወቅ ስብከት አላስፈለገንም። እናቶቻችን ከፊታቸው አስቀምጠው፣ ለጋ ቅቤ ቀብተው፣ ሹሩባ ሲሠሩን ገና በልጅነታችን ተምረነዋል። የተላጨች ሴት ስናይ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ልባችን የሚመጣው “ማን ሞቶባት ይሆን?” የሚል ጥያቄ ነው። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ሴት ራሷን የምትላጨው የቅርብ ሰው ሲሞትባት ነውና። ስለዚህ አንዲት እህት በካንሰር ሕክምና ምክንያት ጸጉሯ ሲረግፍ የምታጣው ውበት ብቻ አይደለም። በቁሟ የራሷን ልቅሶ የተቀመጠች ያህል ይሰማታል።

እኔ የጡት ካንሰር እንዳለብኝ የታወቀው በ2013 ዓ.ም. ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሟ በየ21 ቀኑ የሚሰጥ ስምንት ዙር ኬሞቴራፒ አዘዘችልኝ። የመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች ዶክሶሩቢሲን እና ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ሲሆኑ፣ የቀሩት አራቱ ደግሞ ፓክሊታክሰል ነበሩ። ጸጉሬ እንደሚረግፍ፣ ሕክምናው ሲያልቅ ግን ተመልሶ እንደሚበቅል አስቀድማ ነገረችኝ።

ለምን ይረግፋል?

ይህን ማወቅ ከብዙ ፍርሃት ያድናል። የኬሞቴራፒ መድኃኒት ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ያጠቃል። የካንሰር ሴል እንዲህ ያለ ነው። ነገር ግን የጸጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚመረትበት የአጥንት መቅኒም ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎች አሏቸው። መድኃኒቱ እነዚህንም ይነካቸዋል። ጸጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለው፣ ደም የሚያንሰው ለዚህ ነው።

ጸጉር ረገፈ ማለት በሽታው ባሰ ማለት አይደለም። ጸጉር ካልረገፈም መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ሁሉም የካንሰር መድኃኒት ጸጉር አያረግፍምና። የጨረር ሕክምናም ቢሆን የሚያረግፈው ጨረሩ ያረፈበትን ቦታ ጸጉር ብቻ ነው። ጡት ላይ የሚሰጥ ጨረር የራስ ጸጉርን አያረግፍም።

መርገፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ዙር ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እኔን በ16ኛው ቀን የራስ ቆዳዬ ያመኝ ጀመር፤ ትራሱ እንኳ ቆረቆረኝ። በ18ኛው ቀን ሻሼን ስፈታ ጸጉሬ አብሮ መጣ። የዚያን ዕለት ማታ ባለቤቴ የጸጉር ማሽን ይዞ ገባ። በምላጭ እንዳንነካው ተነግሮን ነበር። ነጭ የደም ሴል ባነሰበት ጊዜ ትንሽ ቁስል እንኳ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታልና። የእኔን ሲጨርስ “እኔም አብሬሽ ልላጭ” አለኝ። “ሁለታችንም ከተላጨንማ ሰፈሩ ድንኳን ሊተክልልን ይመጣል” አልኩት። ሳቅን፤ ከዚያም ተቃቅፈን አለቀስን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ሲተኙ የራስ ቆዳዬን በየማታው ቫዝሊን ይቀባልኝ ጀመር። በትዳር በኖርንባቸው ዓመታት የቅቤው ሽታ አስቸግሮት ያውቃል እንጂ ጸጉሬን ነክቶት አያውቅም ነበር። ብዙ አልተናገረም። እጁ ግን ተናገረልኝ።

በፍቅር የተነገሩኝ ቃላት

የመጋቢ ሚስት የምትቀመጥበት ቦታ ከሁሉም ይታያል። እሑድ ሻሼን አስሬ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ስገባ ቅዱሳን በፍቅር ከበቡኝ። ምግብ አመጡ፤ ልጆቼን ያዙልኝ፤ ጾሙልኝ። ጌታ ብድራታቸውን ይክፈል። አንዳንዶች ግን ሉቃስ 21፥18ን እያነሱ ከራስሽ ጸጉር አንዲት እንኳ እንደማትጠፋ እመኚ አሉኝ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ቅንድቤም እየሳሳ ነበር።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ አጥብቀው ካስተማሩን ነገሮች አንዱ ጥቅስን ከፊቱና ከኋላው ጋር ማንበብ ነው። ሁለት ቁጥር ከፍ ብለን ስናነብ፣ ጌታችን እነዚያኑ ደቀ መዛሙርት ከእነርሱ አንዳንዶቹ እንደሚገደሉ ይነግራቸዋል። ስለዚህ ተስፋው በሰውነታችን ላይ ምንም አይደርስም የሚል አይደለም። የደረሰው ሁሉ ቢደርስ እንኳ ከእጁ ሊያጠፋን አይችልም የሚል ነው። በማቴዎስ 10፥30 ደግሞ የራሳችን ጸጉር ሁሉ እንደ ተቆጠረ እናነባለን። እዚያም የተቆጠረ ጸጉር አይረግፍም አልተባለም። የሚቆጥር ሰው ግን የጎደለውንም ያውቃል። ትራሴ ላይ የቀረውን እኔ ጠርጌ ጣልኩት፤ ጌታ ግን ቁጥሩን ያውቀዋል። በዚያ ዓመት ያጽናናኝ ቃል ይህ ነበር።

“በእምነት ተቀበዪና መድኃኒቱን ተዪው” ያሉኝም ነበሩ። እኔ ግን ንጉሥ ሕዝቅያስን አስብ ነበር። እግዚአብሔር በዕድሜው ላይ 15 ዓመት እንደሚጨምርለት ተስፋ ከሰጠው በኋላ፣ ነቢዩ ኢሳይያስ በእባጩ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዘዘ (ኢሳ. 38፥5፣ 21)። ተስፋውም መድኃኒቱም በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ናቸው። ጸሎቴንም ኬሞዬንም አላቋረጥኩም።

ሲበቅል

ከመጨረሻው ዙር በኋላ በስድስተኛው ሳምንት ራሴ ላይ አመድ የመሰለ ለስላሳ ነገር ታየ። በአማካይ ጸጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የሚበቅለውም መጀመሪያ እንደ ቀድሞው ላይሆን ይችላል። የእኔ ሽበት በዝቶበት፣ እንደ ሕፃን ጸጉር ለስልሶ መጣ። ቢያንስ ለስድስት ወር ቀለምም ሆነ ማለስለሻ ኬሚካል እንዳላስነካው፣ አጥብቄም እንዳልሠራው ተመከርኩ።

ጸጉሬ ሲታይ ደስታው ታላቅ ሆነ። “ዳንሽ! በይ ውጪና መስክሪ” አሉኝ። መሰከርኩም፤ ነገር ግን እውነቱን ተናገርኩ። የጸጉር መብቀል መድኃኒቱ ከሰውነት መውጣቱን ያሳያል እንጂ ካንሰሩ መጥፋቱን የሚያረጋግጥ ምርመራ አይደለም። እስከ ዛሬ ታሞክሲፈን የሚባለውን ክኒን በየቀኑ እውጣለሁ፤ ለክትትልም እመላለሳለሁ። ከቀጠሮው በፊት ባለው ሌሊት ሁለታችንም በደንብ አንተኛም።

የሳምሶን ጸጉር ማደግ የጀመረው ገና በጋዛ እስር ቤት፣ ዓይኑ ጠፍቶ፣ በናስ ሰንሰለት ታስሮ ሳለ ነበር (መሳ. 16፥21-22)። ጸጉሩ ሲያድግ ዓይኑ አልበራም፤ ሰንሰለቱም አልተፈታም። ብርታት ያገኘውም ወደ እግዚአብሔር በጮኸ ጊዜ ነው (ቁ. 28)። ስለዚህ በመድረኩ ላይ ያልኩት ይህን ነበር፦ ጌታ ጸጉሬን ስለ መለሰልኝ አመሰግነዋለሁ፤ ይበልጥ የማመሰግነው ግን ራሴ ባዶ በነበረበት ወራት ስላልተለየኝ ነው።

ለባሎችና ለእህቶች

ከዚያ ምስክርነት በኋላ አንዲት እህት ለብቻዬ አገኘችኝ። ጡቷ ላይ እብጠት ካገኘች አራት ወር ሆኗት ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ከሞት ይልቅ ያስፈራት ባሏ ያለ ጸጉር ሲያያት ምን ይሰማው ይሆን የሚለው ነበር። በእርሷ ፈቃድ ባለቤቷን ጠራነው። ሰምቶ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም “ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?” ብሎ ጠየቀ። ምርመራው ካንሰር መሆኑን አሳየ፤ ሕክምናዋንም ጀመረች።

ወንድሞች ሆይ፣ ሚስታችሁ የምትጠብቀው ረጅም ንግግር አይደለም። ቀጠሮዋን አስታውሱ፣ አብራችሁ ሂዱ፣ ጠያቂ ሲበዛባት ደጁን ያዙላት፣ ሻሿን ስትፈታ ፊታችሁን አታዙሩ። ራሷንም ዳብሱላት።

እህቶቼ ሆይ፣ ጡታችሁ ላይ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ካያችሁ ጸጉሬ ይረግፋል ብላችሁ አትዘግዩ። ጸጉር በአብዛኛው ይመለሳል፤ የባከነ ወራት ግን አይመለስም። ጸጉራችሁን የቆጠረው ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።