የኮምፒውተር ጡረታ በምናለሽ ተራ

መርካቶን የሚያውቅ ሰው በተራዎቿ ያውቃታል። በርበሬ ፈላጊ በርበሬ ተራ፣ ጋቢና ነጠላ ፈላጊ ሸማ ተራ፣ መኪናው የተበላሸበት ሶማሌ ተራ ይሄዳል። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ገበያውን ከአራዳ አንስተው ወደዚህ ካዛወሩት ወዲህ ስንት ተራ እንደተወለደና ስንቱ እንደጠፋ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ከሁሉም ግን ስሙ ጥያቄ የሆነ አንድ ተራ አለ፤ ምናለሽ ተራ። "ምን አለሽ?" እንደማለት ነው።

ጥያቄው ለሁላችንም ነው። ጠዋት ማዳበሪያ ተሸክሞ "ቆራሌው!" እያለ በየሰፈሩ የሚያልፈውን ልጅ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም፤ "ቆርቆሮ ያለው" ማለቱ ነው። የሰጠነው ጀሪካን፣ የተበሳው ድስት፣ እግሩ የተሰበረው ወንበር ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚህ ነው። እዚህ በርሜል ተቀዶ ምድጃ ይሆናል። የመዶሻው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ቀርበው ሲገቡ ደግሞ ከጎን ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ግድ ነው።

እኔን ባለፈው ሳምንት ወደዚያ የወሰደኝ ምድጃው አይደለም። በየቤቱ የምሰማው አንድ ወሬ ነው። ልጆች ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የላኩት ኮምፒውተር አንድ ቀን ዝም ይላል። አያት የልጅ ልጃቸውን የሚያዩበት መስኮት ተዘጋ ማለት ነው። "ይጣል ወይስ ይሠራ?" ይባላል፣ ጎረቤት ይጠየቃል፣ ወራት ያልፋሉ፣ በመጨረሻ "ቆራሌው" የሚል ድምፅ ሲሰማ ይወጣል። እንግዲህ የሚጣሉት ኮምፒውተሮች ምን ሆነው እንደሚጣሉ ማወቅ የፈለገ ሰው የሚጣሉበት ቦታ ሄዶ ቢያይ ይሻላል።

ከመንገዱ ገባ ብላ ባለች ጠባብ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንድ ወጣት አገኘሁ። እንጀራው ኮምፒውተር መፍታት ነው። ፊት ለፊቱ ጥርሳቸው የረገፈ ኪቦርዶች፣ ጀርባው ላይ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ የዴስክቶፕ ሳጥኖች። መሣሪያው ብዙ አይደለም፤ ሁለት ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ አንድ ነጭ ላጲስ። "ከሚመጣልህ ውስጥ ስንቱ ነው በእውነት የሞተው?" አልኩት። ሳቀና "ፋዘር፣ የሞተ መስሏቸው የሚሸጡልኝማ ባይኖሩ በምን እበላ ነበር?" አለኝ።

ከዚያ አንዱን ሳጥን አነሳ። ሲበራ "ጢጥ፣ ጢጥ" እያለ ይጮሃል፤ ማያው ግን ጥቁር ነው። ባለቤቱ "ተቃጠለ" ብሎ የሸጠው ነው። ወጣቱ ገመዱን ከሶኬት ነቀለ፣ የሳጥኑን ብረት በእጁ ነካ፣ ክዳኑን ከፈተና ራሙን አወጣ። ራም ማለት ጣት በምታህል ስፋት የተሠራች፣ ጠርዟ ላይ ወርቃማ ጥርስ የተደረደረባት ቅጠል ናት። ጥርሶቹን በላጲሱ ቀስ አድርጎ ጠራረገ፣ ፍርፋሪውን በብሩሽ አራገፈ፣ መልሶ "ቀጭ" እስክትል ድረስ ተጫናት። ኮምፒውተሩ ተነሳ። ጠቅላላ ወጪው ላጲስ ነው። አቧራና እርጥበት እነዚያ ጥርሶች ላይ ስስ ሽፋን ሲሠሩ ኮምፒውተሩ ራሙን ያጣዋል፤ ጩኸቱም "ራሜ የታለ?" ማለቱ ነበር። ሁሉም ጩኸት የራም ነው ማለት አይደለም፤ ግን የላጲስ ሙከራ ሳይደረግለት ለቆራሌው የተሰጠ ኮምፒውተር በችኮላ የተሰጠ ነው።

ሌላው ሳጥን ውስጥ አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ማራገቢያው ታፍኗል። በርቶ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ በራሱ የሚጠፋ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው፤ ሞቆት እንዳይቃጠል ራሱን እያተረፈ ነው። በዓመት ሁለቴ፣ በተለይ የበጋው አቧራ ካለፈ በኋላ፣ ነቅሎ ከፍቶ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት በቂ ነው። ማራገቢያውን በጣት ይዞ ነው ታዲያ። ጎሚስታ ወስደው በኮምፕሬሰር የሚያስነፉ ሰዎች አሉ፤ ከጎማ መንፊያው አብሮ የሚወጣው ውሃ ግን ለጎማ እንጂ ለኮምፒውተር አይሆንም። ላፕቶፕ ደግሞ አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ፣ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ከሥሩ ይደፈናል። የሻይ ትሪ ገልብጦ ከሥሩ ማድረግ የሚያስከፍለው ነገር የለም።

ወጣቱ ከአቧራ ይልቅ የሚያማርረው መብራትን ነው። ጥግ ላይ የከመራቸውን የኃይል ሳጥኖች፣ ማለትም የ220 ቮልቱን መብራት ለኮምፒውተሩ ልክ አድርገው የሚያቀርቡትን፣ እያሳየ "እነዚህ የሞቱት መብራት ሲሄድ አይደለም፤ ሲመጣ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሰፈሩ ፍሪጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሳል፣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል። መብራት እንደሄደ ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ነቅሎ፣ ከተመለሰ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ታግሦ መሰካት ከማንኛውም የሚገዛ መከላከያ በፊት የሚመጣ ልማድ ነው። በክረምት ነጎድጓድ ሲያጉረመርምም እንዲሁ።

እንጀራ የሚጋገርበትን ቀን በተለይ ላንሳ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋትና ከዚያም በላይ የሚስብ ጉልበተኛ ነው። በብዙ ቤት ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል ዓይናችን ያያል፤ ኮምፒውተሩም ያንኑ ያያል። ምጣድና ኮምፒውተር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም፤ ምጣድማ ለራሱም ከማከፋፈያ ላይ ባይሰካ ነው የሚሻለው፤ ማከፋፈያው ይቀልጣል። የዴስክቶፑን ብረት ሲነኩ የሚነዝር ከሆነ ደግሞ ሶኬቱ የመሬት መስመር የለው ይሆናልና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ማሳየት ነው፤ ባዶ እግሩን ቤት ውስጥ የሚሮጥ ሕፃን ላለበት ቤት ይህ ከኮምፒውተሩ ዋጋ በላይ ነው።

ዩፒኤስ ያለው ሰው ደግሞ "አርጅቷል፣ መብራት ሲሄድ ወዲያው ይጠፋል" ብሎ ከመጣሉ በፊት ሆዱን ያስከፍተው። ውስጡ ያለው ባትሪ ነው የሚያረጀው። በብዙዎቹ የቤት ዩፒኤሶች ውስጥ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አለች፤ እሷን ብቻ መቀየር አዲስ ዩፒኤስ ከመግዛት ይረክሳል። ምናለሽ ተራ ባትሪያቸው ብቻ የሞተ ስንት ዩፒኤሶች ተደርድረው አየሁ!

አንድ ላፕቶፕ ደግሞ "ኢንተርኔት አልሠራ አለ" ተብሎ የተሸጠ ነበር። ኢንተርኔቱ ደህና ነው፤ ቀኑ ነው የተሳሳተው። ኮምፒውተር ተነቅሎም ቢሆን ቀን የሚቆጥርባት ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለችው፤ ብዙውን ጊዜ ላይዋ ላይ 2032 የሚል ቁጥር ተጽፏል። እሷ ስትሞት ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ድረ ገጾች ደግሞ ሲከፈቱ የመታወቂያቸውን ቀን ያስመረምራሉና የኮምፒውተሩ ቀን ከሳተ "ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ" ብሎ ይዘጋል። እኛ አገር አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። አያት ወይም አባት ቀኑን ለማስተካከል ይቀመጡና ዓመቱን በኛ አቆጣጠር ይሞሉታል። ለኛ ልክ ነው። ኮምፒውተሩ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሄድ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ገጹ ሁሉ ይዘጋበታል። ፍቱን መድኃኒቱ ዓመቱን በፈረንጅ መሙላት ነው፤ በነጻ።

ፍላሽም የራሱ ጉድ አለው። ለማተም ፎቶ ኮፒ ቤት የሄደ ፍላሽ ቤት ሲመለስ ፎልደሮቹ ጠፍተው ወይም ወደ ትንሽ ቀስት ተቀይረው ይገኛሉ። ይኼኔ "ፎርማት ይደረግ" የሚል ሰው አይጠፋም። አይደረግ! ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን የሚደብቀው እንጂ የሚያጠፋው አይደለም። "ቪው" ከሚለው ሥር "ሂደን አይተምስ" የሚለውን ቢመርጡ ብዙ ጊዜ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ካልታየም የሚያውቅ ሰው በደቂቃ ያወጣዋል። በቀስቶቹ ላይ ግን አይጫኑ። ዊንዶውስ ከራሱ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር የሚባል ጠባቂ ያለ ክፍያ ይሠራል፤ በየጊዜው እስከታደሰ ድረስ ለቤት በቂ ነው። የቫይረስ መከላከያ ለመግዛት ገንዘብ ያጡ ቤተሰቦች በዚህ ይረጋጉ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሲኬድም የሚታተመውን ወረቀት ብቻ የያዘ ሌላ ፍላሽ ቢኖር፣ ወይም በቴሌግራም ቢላክ፣ ነገሩ ከምንጩ ይደርቃል።

"ፎርማት" የሚለውን ቃል ካነሳን አይቀር፣ በቤታችን ከፍተኛ ጉዳት ያደረሰው ቫይረስ አይመስለኝም፤ ይህ ቃል ነው። የጥገና ቤት የመጀመሪያ መድኃኒት እሱ ነው፤ ለራስ ምታትም ለቁርጥማትም። እኔ በማውቀው አንድ ቤት የአባታቸውን የመጨረሻ የፋሲካ ቪዲዮ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጠው ነበር፤ በአንድ ከሰዓት ጥገና ጠፋ። ዴስክቶፕ ላይ የሚታየው ሁሉ በተለምዶ የሚቀመጠው ሲ በሚባለው ክፍል ነው፤ ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን የሚጠፋውም ሲ ነው። ለዚህ ነው ባለሙያዎች "ዲ ላይ አስቀምጡ" የሚሉት። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሲና ዲ ብዙ ጊዜ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ የአንድ ቤት ሳሎንና ጓዳ እንደማለት። ቤቱ ሲቃጠል ሁለቱም ይቃጠላሉ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራን እሳት ሲበላው ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ አይፈልግም። የሠርጉ፣ የልቅሶው፣ የክርስትናው ፎቶ አንድ ቅጂ በሌላ ቤት፣ እህት ወይም ወንድም ዘንድ፣ ይደር። ዲስኩ "ቀጭ ቀጭ" የሚል ድምፅ ማሰማት ከጀመረም ወደ ሌላ ሥራ ሳይሄዱ ያኔውኑ መገልበጥ ነው።

የዊንዶውስ 10 ነገርም እየገፋ የሚመጣ ጉዳይ ነው። መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለተመዘገቡ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ተሰጥቷል። ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። በዚህ ሰበብ ደህና ማሽን ሲሸጥ ያሳዝናል። ሊኑክስ ሚንት የሚባል ነጻ ሥርዓት አለ፤ ለኢንተርኔት፣ ለቪዲዮ ጥሪና ለደብዳቤ ይበቃል። ገንዘብ ማውጣት ካለበትም፣ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መቀየር ነው እንጂ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት አይደለም፤ ልዩነቱ ሲበራ ወዲያው ይታያል።

ልወጣ ስል አንዲት ጠና ያሉ እናት አሮጌ ላፕቶፕ በፌስታል ይዘው ገቡ። ማያው ተሰንጥቋል፣ ለመሸጥ ነው። ወጣቱ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት "ማዘር፣ ዲስኩን ላውጣልዎት?" አላቸው። ምን እንደሆነ አልገባቸውም። "ፎቶዎ፣ የልጆችዎ ፓስፖርት፣ የባንክ ወረቀትዎ፣ ያለው እዚህ ውስጥ ነው፤ ለኔ ሲሸጡልኝ ለማን እንደምሸጠው አላውቅም" አለ። ዋጋው ትንሽ እንደሚቀንስም አልደበቀም። እሳቸው ትንሽ አሰቡና "አውጣው ልጄ" አሉ። አራት ብሎን ፈታ፣ መዳፍ የምታህል ዲስክ አወጣ። በዩኤስቢ ገመድ የሚሰካ መያዣ ካስገዙላት እንደ ትልቅ ፍላሽ እንደምታገለግል ነገራቸው። በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣቸው፤ እሳቸውም ከነጠላቸው ጫፍ ጋር ቋጠሯት።