አጥቤው ባሰ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ፣ በአሌክሳንድሪያም ሆነ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ብዙ የአገራችን ሰው የሚያድረው በመኪና መሪ ነው። ታክሲ የሚነዳ አለ፣ ኡበር የሚሠራ አለ፣ ጥቁር መኪና ይዞ ሻል ያለ ደንበኛ የሚጠብቅም አለ። ለዚህ ለመጨረሻው ሥራ መኪናው ጥቁር፣ ወንበሩም ጥቁር ቆዳ ወይም ቆዳ መሳይ እንዲሆን ይጠየቃል። ተሳፋሪ ዝንጉርጉር ወንበር ላይ ከተቀመጠ ኮከብ ይቀንሳል፤ ኮከቡ እየወረደ ከሄደ እንጀራውም አብሮ ይሄዳል።

ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ስንጠብቅ ስለ ቆሸሸ ወንበር የሚያማርር ሰው ብዙም አይገጥመኝም። የሚያማርረው ያጠበው ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ የጎጃም ሰው መኪናቸውን ከእጥበት አውጥተው መጡ። የኋላው መቀመጫ መካከል ላይ ሰሐን የሚያክል፣ ጠርዙ የነጣ ክብ ቀርቷል።

«እስቲ እየው ልጄ፤ ገንዘቤን ከፍዬ ጠባሳ ይዤ መጣሁ» አሉኝ። በሳሙና ሊያሹት ስፖንጅ አንሥተው ነበር።

«ይተዉት ጋሼ፣ ክቡን ለብቻው አይንኩት።»

ይህን የተማርሁት ባደግሁባት በወረታ ነው፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዙ ግጦሹን እንዲህ ሳይገፋው፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ የፎገራ ከብት ሜዳውን ሞልቶት እያለ። የከብቱ ቆዳ ጠፍር ነው፣ ምራን ነው፣ የሚነጠፍ ጀንዲ ነው። በችንካር ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ በእምቧይና በቅቤ እየታሸ ይለፋል። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ቤት ሲያረጥቡ ጀንዲው ባንድ ጎኑ ውሃ ይነካዋል። ችኩል ሰው ወደ እሳት ያስጠጋዋል፤ የረጠበው ወገን ይኮማተራል፣ ጠርዙ ላይ መስመር ይቀራል። እናቴ ግን ጀንዲውን በሙሉ በእርጥብ ጨርቅ ታብስና ጥላ ውስጥ ትሰቅለው ነበር፤ ሁሉም እኩል ረጥቦ እኩል እንዲደርቅ። ያን ሙያ የያዙት ቆዳ አልፊዎች በስድብ ስም ሲጠሩ መኖራቸው እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። የሚያውቁት ነገር ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

የመኪና ወንበር ቆዳ ግን በአብዛኛው በኬሚካል የለፋ ነው። መዥገር፣ እሾህና ጅራፍ የተዉትን ምልክት ለመሸፈን ላዩ ይፋቅና ቀለም ይቀባል፣ በቀለሙም ላይ ስስ የፕላስቲክ ልባስ ይደረግበታል። ውሃ ጠብ ሲደረግበት ወዲያው የሚጠቁር ከሆነ ልባስ የሌለው ቆዳ ነው፤ እሱ ለባለሙያ ይተው። ጠብታው ላዩ ላይ ከተንከባለለ ግን በራስ እጅ መሥራት ይቻላል።

የጋሼ ክብ የተፈጠረው ውሃው ባለበት ሲደርቅ ነው። እርጥበቱ ወደ ዳር ሲሸሽ የሳሙናውን ትራፊና የቧንቧውን ውሃ ኖራ ተሸክሞ ጠርዙ ላይ ያራግፈዋል። ስለዚህ ክቡ ሳይሆን ክፍሉ በሙሉ፣ ከስፌት እስከ ስፌት፣ በተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ በረጠበና በደንብ በተጨመቀ ማይክሮፋይበር ይታበሳል። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ተከትሎ ማድረቅ ነው፤ በሩን ከፍቶ፣ ጥላ ላይ፣ የወንበሩን ማሞቂያ አጥፍቶ። አንዴ ካልለቀቀ ደርቆ እስኪያልቅ ጠብቆ መድገም ነው። የሚያጣብቅ ከሆነ ሳሙናው አልወጣም ማለት ነው፤ በዚያው መንገድ ይወጣል። የሚያብለጨልጭ ከሆነ የተቀባው ቅባት በዝቷል፤ ለቆዳ በተሠራ ለስላሳ ማጽጃ ይነሣል። ቅቤ ለጀንዲ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ልባሱን አልፎ አይገባም፣ ላዩ ላይ ተቀምጦ አቧራ ይሰበስባል።

በማጽጃ የማይመለሰው አንድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ ሹፌሩ ሁሉ ከእያንዳንዱ ተሳፋሪ በኋላ ወንበሩን በአልኮል ይወለውል ነበር። ነፍስን ለማዳን ነውና ማንም አይወቀስም። አልኮል ግን ልባሱንና ቀለሙን እየበላ ይሄዳል። ነጭ እርጥብ ጨርቅ ሲያሳርፉበት ቀለሙ ወደ ጨርቁ ከመጣ፣ እጅን መሰብሰብ ነው፤ ያ ወንበር የሚፈልገው የቆዳ ቀለምና አዲስ ልባስ ነው።

የጋሼ ክብ በሁለተኛው ማበስ ለቀቀ። ስፌቱ አጠገብ የደበዘዘችው ቦታ ግን የአልኮል ሥራ ናትና ቀለም ቀቢ ዘንድ ሄደች።

ወረታ የጎንደሩና የደብረ ታቦር ወልዲያው መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ ላንድክሩዘርና ሚኒባስ ሲያልፍ ይውላል፤ መኪና አጣቢ ወጣትም አታጣም። የአክስቴ ልጅ አንዱ ነው። የቆዳ ወንበር ላይ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት እንዳያስነካ በስልክ ለምኜዋለሁ፤ ዱቄቱ አልካሊ ነው፣ ቆዳ ደግሞ ለአሲድ ያደላል። የተጣራ ውሃ ከየት ላምጣ ሲለኝ የነገርኩት የክረምቱን ዝናብ ነው። ከታጠበ ቆርቆሮ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ኖራ ስለሌለው ለማበሻ ከጉድጓድ ውሃ ይሻላል። አሁን አንድ በርሜል ለወንበር ብቻ ለይቷል፤ ክዳን አድርጎበታል።