ኤአይ ለየትኛው ሥራ ይቀጠር?

ቴሌግራም ላይ ጫማ የሚሸጥ ነጋዴ ፎቶ ይለጥፍና ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ከዚያ «ስንት ነው?» ለሚለው ሁሉ ሲመልስ ይውላል። ሲሰለቸው ቻትቦት ያፈላልጋል። ዋጋውን ቢጽፈውስ? አይጽፈውም፤ ጎረቤት ሻጭ እንዳያይበት፣ ደግሞም እንደ ገዢው ከፍ ዝቅ ሊያደርገው። ሥራው ሰው አይቶ ዋጋ መጥራት ከሆነ ማሽኑ ምን ይረዳዋል?

*

ቻይና፣ ጓንጁ ወይም ዪዉ ላለ አቅራቢ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ማስጻፍ ግን ያዋጣል። ድሮ ለዚህ የሰፈር ተማሪ ይለመን ነበር። ባለሱቁ ስንት ካርቶን፣ በምን ቀለም፣ በስንት ዶላር እንደሚፈልግ አብጠርጥሮ ያውቃል፤ ቁጥሩ ቢሳሳት ሳይልከው ያየዋል። እንግሊዝኛው የማይገባው ከሆነ በሌላ መተግበሪያ ወደ አማርኛ አስመልሶ ያንብበው። የማስታወቂያ ረቂቅና የጨረታ ማመልከቻም እዚሁ ይመደባሉ፤ መጻፉ ያደክማል፣ ማረሙ ይቀላል።

*

አያቱ የሞቱበት አንድ መንገደኛ የኤር ካናዳን ቻትቦት ስለ ሐዘን ቅናሽ ጠየቀ። ቻትቦቱም ትኬቱን ከገዛ በኋላ ማመልከት እንደሚችል ነገረው። የድርጅቱ ደንብ ግን ይህን አይፈቅድም ነበር። ጉዳዩ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ለዳኝነት ሲቀርብ አየር መንገዱ ቻትቦቱ ለሥራው ራሱ የሚጠየቅ የተለየ አካል ነው ብሎ ተከራከረ። አልሆነለትም፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ወደ 812 የካናዳ ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ተላላኪ ልጅ ለደንበኛ የማይሆን ቃል ቢገባ ማን እንደሚከፍል መርካቶ ውስጥ የሚከራከር የለም። ኤር ካናዳ ገንዘቡ አይሰማውም። አንዲት ልብስ ሰፊ ግን ማሽኑ በስሟ የማትችለውን ቅናሽ ቢሰጥባት የወሩ ትርፏ ሊሄድ ይችላል።

*

ቀጠሮ የሚይዝ ኤአይ ሊሸጥልዎት የመጣ ሰው ካለ «ጳጉሜ 4 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ያዝልኝ» ይበሉትና ይዩ። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 9፣ ጠዋት 9 ሰዓት ካላለ ለፀጉር ቤት አይሆንም። ሙሽራ ጠዋት መጥታ በሩ ተዘግቶ ብታገኘው ይቅርታ የሚጠይቀው የፀጉር ቤቱ ባለቤት እንጂ ሻጩ አይደለም።

*

በኮምፒውተር አንድ የግዕዝ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ 3 ባይት ይፈጃል፤ ተራ የላቲን ፊደል 1 ነው። ኤአይ ጽሑፉን ቆራርጦ ስለሚቆጥር አማርኛው ብዙ ጊዜ ወደ ብዙ ቁራጭ ይበተናል። በአጠቃቀም ልክ የሚከፈል ከሆነ ሂሳቡ ይጨምራል፣ እሱም በዶላር።

*

የሱቁን የዱቤ መዝገብ በስልኩ ፎቶ አንስቶ «ደምርልኝ» ብሎ ኤአይ ላይ የሚጭን ልጅ አይጠፋም። የማን ዕዳ ስንት እንደሆነ፣ ስልክ ቁጥሩ፣ «ደመወዝ ሲወጣ» የሚለው ማስታወሻ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን ልጁ አልሰማም ይሆናል። ባለሱቁ ግን ያንን መዝገብ ለጎረቤት ባለሱቅ እንኳ አያሳይም፤ ለመደመር ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ካልኩሌተር አለው።