ዞምቢው ሲመታ

የልጅ ልጄ የሚጫወተው ጌም «ሬዚደንት ኢቭል 2» ይባላል፤ ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደገና ሠርቶ ያወጣው ነው። አውሮፓ ውስጥ ሲሸጥ ሽፋኑ ላይ 18 የሚል ቁጥር አለው። ልጁ ገና 16 ዓመቱ ስለሆነ ከእናቱ ጋር ክርክሩ አላለቀም። እኔ ግን ዕድሜዬን ቁስል ሳጥብና ሳሽግ ስለኖርኩ ዓይኔ የሄደው ወደ ሌላ ነው።

ዞምቢው ጥይት ሲያገኘው ይንገዳገዳል። እግሩ ከተቆረጠ ደግሞ በክንዱ እየተሳበ ይመጣል። ይህን የሠራው ሰው አጥንትና ጡንቻን ልብ ብሎ አይቷል፤ አላማውም።

«እማማ፣ እውነት አይመስልም?» አለኝ።

«አወዳደቁ ይመስላል፤ ሰውየው ግን የለም» አልኩት።

ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ፊቱ ይገረጣል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀዋል፣ ልቡ ይሮጣል፣ ውሃ ውሃ ይላል። የጭኑ ትልቅ ደም ሥር ከተበጠሰ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ጢም ያበቀለው ጎልማሳ እናቱን ሲጣራ ሰምቻለሁ። ዞምቢው ከዚህ አንዱም የለበትም። ለጨዋታ የተመረጠውም ስለማያመው ይመስለኛል።

ጌሙን አልነጠቅሁትም። ነጠላዬን አጥፌ ትራስ ላይ አስቀመጥኩና በሁለት እጁ፣ ክንዱን ቀጥ አድርጎ፣ አጥብቆ እንዲጫን አሳየሁት።

«እስከ መቼ?» አለ።

«እርዳታ እስኪደርስ። ቆመ አልቆመ ብለህ እያነሳህ አትይ።»

ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ክንዱ ዛለ።