ከአውቶሞቢል መውረድ ውርደት አይደለም

በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል አዲስ አበባ ከመግባቱ አስቀድሞ፥ የመኳንንቱ ክብር የሚታየው በበቅሎውና በአጀቡ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ግን የበቅሎው ክብር ቀስ በቀስ ወደ አውቶሞቢል ተላለፈ። ዛሬም የቤተ ሰብ አባት ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ እንደ ሆነ፥ ዘመድ ወዳጁ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መኪና መቼ ትገዛለህ?» ብሎ ነው።

እኔም አውቶሞቢል አለኝ፤ የምንቀውም አይደለሁም። ሕመምተኛ ለማድረስ፥ አረጋውያንን ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ለመውሰድ፥ በሌሊት ምጥ ለያዛት እናት ከርሱ የሚሻል የለም። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ዕለት ዕለት ወደ መሥሪያ ቤት ሊነዳው ይገባልን? ከባለቤቴ ጋራ ይህን ከተመካከርን ወዲህ፥ ጧት ልጃችንን በእግር ከትምህርት ቤት አደርስና እኔ በአውቶቡስ ወይም በከተማ ባቡር ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

አክስቴ ይህን በሰሙ ጊዜ «ልጄ፥ ምን ደረሰብህ? ከሹመትህ ተሻርህን?» ብለው አዘኑ። እኔም «የለም እቴቴ፥ የወረድሁት ከመኪና ነው እንጂ ከሹመት አይደለም» አልኋቸው። ሳቁ፤ ልባቸው ግን አልተቀበለውም። የርሳቸው ሐዘን የብዙ ሰው ሐሳብ ስለ ሆነ መልሱን በሰፊው ልጽፈው ወደድሁ።

60 ሰዎች በአንድ አውቶቡስ ቢሳፈሩ ከመንገዱ የሚይዙት 12 ሜትር ያህል ነው። እነዚያው ሰዎች እያንዳንዳቸው በየመኪናቸው ቢወጡ ግን ሰልፋቸው ከ400 ሜትር ያልፋል። መንገዱ ጠበበ እያልን የምናማርር እኛው ነን፤ የምናጠበውም እኛው ነን። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደ ተባለው ነው።

የአዲስ አበባ የከተማ ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፥ የሁለቱ መሥመሮች ርዝመት በጠቅላላው 34 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ባቡሮቹም 41 ነበሩ። ሆኖም በ2015 ዓ.ም. ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕጦት ቆመው እንደ ነበር ተሰማ። ከዚህ የምንማረው፥ መግዛት የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን መጠበቅና ማደስ ግን የዘወትር ሥራ መሆኑን ነው። ባቡር ያጣ ሰው ወደ መኪናው ይመለሳል፤ መኪና የሌለው ደግሞ በፀሐይና በዝናብ ሲጠብቅ ይውላል።

ስለ ቢስክሌትም ጥቂት ልጨምር። ባሕር ዳር ምድሩ ሜዳ ስለ ሆነ ወንዱም ሴቱም በቢስክሌት ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ማንም አያፍርበትም። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ያለች፥ ዐቀበትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። ቢሆንም ቤተ ሰብን ከዐቀበቱ ይልቅ የሚያስፈራው የመኪናው ፍጥነት ነው። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ዋና ዋና ጎዳናዎች ከመኪና ነጻ በሆኑ ጊዜ፥ ልጆች ያለ ሥጋት ሲጫወቱ ታዩ። ሴት ልጃችንም ቢስክሌት መንዳት የተማረችው ከዚያ በኋላ እንዲህ ባለ እሑድ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ለቢስክሌት የተለየ መንገድ በየስፍራው መሠራቱም መልካም ጅምር ነው።

እኔ ከሁሉ የበለጠ ያተረፍሁት የልጄን ጨዋታ ነው። በመኪና ስንሄድ ዓይኔ ከመንገዱ፥ ጆሮዬ ከጡሩምባው ነበረ፤ አሁን ግን የትኛው ትምህርት እንደ ከበዳት፥ ከማን ጋራ እንደ ተጣላች ጎን ለጎን እየሄድን ትነግረኛለች።

ስለዚህ አውቶሞቢል ያላችሁ ወገኖቼ፥ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቁልፉን ከቤት ትታችሁ ውጡ። የመጓጓዣን ጉዳይ የምትመሩ ሹማምንትም ከሕዝቡ ጋራ በወረፋው ቁሙ፤ በወረፋ የቆመ ሹም ጉድለቱን ከጽሕፈት ቤት ሪፖርት አስቀድሞ ያውቀዋልና።